ላንፋንግ ኮንግሲ፦ በቦርኒዮ የነበረው የቻይናውያን የወርቅ ሰፈር እውነት «ሪፐብሊክ» ነበር?

አጥናፍ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ላንፋንግ ኮንግሲ (የቻይናውያን ወርቅ ቆፋሪዎች ማኅበር) አንድ ጽሑፍ እያሰናዳሁ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። በየቦታው የሚነበበው ታሪክ አንድ ዓይነት ነው። ሉዎ ፋንግቦ የሚባል፣ ከደቡብ ቻይና ጓንግዶንግ የመጣ ሀካ (የራሱ ቋንቋ ያለው የቻይናውያን ወገን) በ1777 ምዕራብ ቦርኒዮ ውስጥ ማንዶር ላይ «የእስያን የመጀመሪያ ሪፐብሊክ» አቆመ፤ ፕሬዚዳንቶቹ በምርጫ እየተተካኩ 107 ዓመት ኖረ፤ በ1884 ሆላንዶች አፈረሱት ይላል። እንዴት የሚለውን የሚነግረኝ ግን አጣሁ። ወርቅ ሊያጥብ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሠራተኛ ግብር የሚሰበስብ፣ ፍርድ የሚሰጥና ጦር የሚያዘምት አስተዳደር እንዴት ሊያቆም ቻለ? መራጩስ ማን ነበር? የአካባቢው የማላይ ሱልጣኖች ይህ ሁሉ በግዛታቸው ሲሆን ዝም ብለው አዩ? የጎረቤቱ ወርቅ ሰፈር የሞንትራዶ ትልልቅ ኮንግሲዎች በ1854 ሲደመሰሱ ላንፋንግ ሌላ 30 ዓመት የተረፈው በምንድን ነው? ሆላንዶች ቻይናን ፈርተው መፍረሱን እስከ 1912 ድረስ ደብቀውት ነበር የሚልም አንብቤአለሁ። ልጻፈው ወይስ ልተወው?

ቦይ ቀዳጅ፦

አጥናፍ፣ ከሥራው ልጀምርልህ። የላንፋንግን አስተዳደር ያለ ግድቡና ያለ ቦዩ ለመረዳት መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

የአካባቢው ወርቅ በብዛት በደለል ውስጥ የተበተነ ደቃቅ ወርቅ ነው። ቻይናውያን ከመምጣታቸው በፊት ማላዮችና ዳያኮች (የቦርኒዮ ነባር ሕዝቦች) ከወንዝ ዳር በገበቴ ያጥቡት ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግድም የመምፓዋና የሳምባስ ገዢዎች ቻይናውያን ቆፋሪዎችን አስመጡ፤ ያስመጡበት ምክንያት ከእነሱ የሚገኘው ግብር ይበዛል ብለው ስላሰቡ ነው። አዲሶቹ ይዘውት የመጡት ዘዴ ውሃን ማሠራት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሸለቆው ራስ ላይ በግንድና በጭቃ ግድብ ይሠራና የዝናቡ ውሃ ይጠራቀማል። ከግድቡ እስከ ቁፋሮው ቦይ ይቀደዳል። ወርቅ ያዘለው ጠጠር ያለው ከታች ስለሆነ ከላይ ያለው ባዶ አፈር ቀድሞ መነሳት አለበት። ሠራተኛው በትከሻው ባጋደመው እንጨት ሁለት ቅርጫት ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ፣ እንደ መሰላል በተፈለፈለ ግንድ ላይ እየወጣ እየወረደ አፈሩን ያግዛል። ብዙውን ጉልበት የሚበላው ይህ ነው፤ ወርቅ ግን ገና አልታየም። ጠጠሩ ሲገኝ እየተዛቀ ጎንና ወለሉ በሳንቃ ወደተለበጠ ቦይ ይገለበጣል፤ የግድቡ በር ይከፈታል። ውሃው ጭቃውንና ቀላሉን አሸዋ ጠርጎ ሲሄድ ሠራተኞቹ ቦዩ ውስጥ ቆመው ጠጠሩን በዶማ ወደ ውሃው መምጫ መልሰው ይስቡታል፣ ያገላብጡታል። ወርቁ ከባድ ስለሆነ ከወለሉ ይጣበቃል። ይህ ለወራት ይቀጥላል፤ በየቀኑ ተለቅሞ ኪስ የሚገባ ነገር የለም። በመጨረሻ ውሃው ይዘጋል፤ ወለሉ ላይ የቀረው ከባድ አሸዋ ተጠርጎ ዱላንግ በሚሉት ጎድጓዳ የእንጨት ገበቴ ይታጠባል። ወርቁ የሚመዘነውም፣ የወራቱ ሒሳብ የሚዘጋውም ያን ጊዜ ነው።

አሁን የሚበላሸውን ተመልከት። ግድቡ ካነሰ በደረቁ ወር ውሃ ያልቅና ሥራው ይቆማል፤ ሰዉ ግን ሩዙን መብላቱን አይተውም፣ ዕዳው ይከመራል። ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ ግድቡ ይጣስና ወራት የተለፋበት ጉድጓድ በአንድ ሌሊት በደለል ይሞላል። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ውሃ ከሥር ይመነጫል። እሱን የሚያወጡት በተከታታይ ሳንቃዎች በተሠራ የእንጨት ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ ከተበጠሰ የሚቆፍሩት ሰዎች መውጣት አለባቸው። የቦዩ ተዳፋትም ልክ ይፈልጋል። ከበዛ ደቃቁ ወርቅ ከአሸዋው ጋር ይሄዳል፤ ካነሰ ጭቃው ይረጋና ቦዩ ይደፈናል።

እንግዲህ የመጀመሪያዋ የወርቅ ቅንጣት እስክትመዘን ድረስ ብዙ ሰው ለወራት የሚቀልብ፣ ዶማና ሳንቃ የሚያቀርብ አካል ያስፈልጋል። ኮንግሲ የዚህ መልስ ነው፤ ሽርክና ነው። ጥቂት ሰዎች ጉልበታቸውን፣ አንዳንዶቹም ገንዘብ ወይም ስንቅ አዋጥተው ድርሻ ይይዛሉ። ከታጠበው ወርቅ ላይ መጀመሪያ የምግቡና የመሣሪያው ወጪ፣ ከዚያ የገዢው ግብር ይነሳል፤ የተረፈው በድርሻ ይከፈላል። የጉዞ ዕዳ ያለበት አዲስ መጤ መጀመሪያ ዕዳውን በሥራ ይከፍላል፤ ባለድርሻ መሆን የሚችለው ከዚያ በኋላ ነው። መዝገብ የሚይዝ፣ ግምጃ ቤት የሚጠብቅና ሠራተኛ የሚመድብ ሰው የግድ ይመረጣል።

ወደ ፖለቲካ የገፋቸውም ውሃ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለት ቡድኖች በአንድ ሸለቆ ላይ ሲሠፍሩ የላይኛው ግድብ የታችኛውን ውሃ ይይዝበታል፤ በሩን ሲከፍት ደግሞ ጭቃውን ይለቅበታል። ዳኛ ካልተገኘ ነገሩ በዱላና በጎራዴ ያልቃል። ብዙ ጊዜም ያለቀው እንዲያ ነው። በሞንትራዶ 14 ኮንግሲዎች በ1776 ሄሹን የሚባል ማኅበር ያቋቋሙት፣ በዓመቱ በማንዶር ላንፋንግ የቆመው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። ልዩነታቸውን ልብ በል፦ ሄሹን የእኩዮች ኅብረት ነበርና አባላቱ ሲጣሉ ተሰነጣጠቀ፤ ከአባላቱ አንዱ የሆነው ሳንቲያኦጎው ኮንግሲ በ1822 ጥሎ ወጣ። ላንፋንግ ግን ትንንሾቹን ውጦ አንድ አካል ያደረገ ኮንግሲ ነው።

ማኅደር፦

ቦይ ቀዳጅ ያለው ላይ ልጨምር፤ የምርጫውንና የሱልጣኖቹን ነገር እኔ ልውሰደው።

ሉዎ ፋንግቦ በ1738 የተወለደ የጂያይንግ ሰው ነው፤ ዛሬ ሜይጆው የምትባለው የሀካ አገር ናት። ቦርኒዮ የደረሰው በ1772 ነው። ሸሪፍ አብዱራህማን ፖንቲያናክን ከመሠረተ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ሉዎ ማንዶር ሲገባ ቦታው ባዶ አልነበረም። ቆፋሪዎችም፣ የራሳቸው አለቃ ያላቸው የገበያ ሰፈሮችም ቀድመውት ነበሩ። ከፊሉን በስምምነት፣ ከፊሉን በጦር በሥሩ አስገባ። «ሰዎቹ ተሰብስበው ሪፐብሊክ አወጁ» የሚለው ሥዕል ይህን የጦር ክፍል ይሰርዘዋል፤ በጽሑፍህ ውስጥ መልሰህ አስገባው።

ስለ ውስጡ የምናውቀው በብዛት ከአንድ ሰነድ ነው፤ የመጨረሻው አለቃ የሊዩ አሸንግ አማች የጻፈው የኮንግሲው ዜና መዋዕል ነው። የቤተሰብ ብዕር መሆኑን አትርሳ። በእሱ መሠረት ዋናው አለቃ የጂያይንግ ተወላጅ፣ የማንዶሩ ምክትል ደግሞ የዳቡ (የሌላ የሀካ አውራጃ) ተወላጅ እንዲሆን ተደንግጎ ነበር። ይህች ደንብ ከመቶ ገጽ ትንታኔ በላይ ትናገራለች። ሥልጣን በአገር ልጅነት ተከፋፍሏል፤ ከሁለቱ አውራጃዎች ያልመጣ ሰው ከላይኛው ወንበር አይደርስም። ከእነሱ በታች በየሰፈሩና በየቁፋሮው የተመረጡ ሹማምንት ነበሩ፤ ትንንሹን ክርክር እነሱ ይዳኛሉ፣ የከበደው ወደ ማንዶር አዳራሽ ይወጣል።

መራጩ አባሉ ነው፤ ይህ እውነት ነው፣ ለዘመኑም ትልቅ ነገር ነው። የዙፋን ዘር የሌለው፣ ያልተማረ ቆፋሪ ድምፅ ነበረው። ዳያኮች ግን በምርጫው የሉበትም፤ ሴቶችም የሉበትም። ከቻይና ሴት እምብዛም ስለማትመጣ ወንዶቹ የዳያክ ሴቶችን አግብተው የወለዱት ትውልድ ነው ኅብረተሰቡን ያቆየው። የሥልጣን ዘመንም በዓመት የተገደበ አልነበረም። ሉዎ በ1795 እስኪሞት ቆየ። ጂያንግ ዉቦ ሁለት ጊዜ ተመርጧል፤ ከ1795 እስከ 1799፣ ከዚያ ከ1803 እስከ 1811። በመጨረሻው ዘመን ሊዩ አሸንግ ከ1848 ጀምሮ ይዞ በ1876 ለልጁ አስተላለፈ፤ ልጁ በ1880 ሲያልፍ ወንበሩ ወደ አባትዬው ተመለሰ። ይህን «ምርጫ» ብሎ መጻፍ ይከብደኛል። (የቀዳሚዎቹ አለቆች ስሞች «ቦ» በሚል ስለሚያልቁ አንድ ቤተሰብ የሚመስላቸው አሉ፤ የአክብሮት መጠሪያ ነው።)

ሱልጣኖቹ ዝም አላሉም። ስልታቸው ከወርቁ ይልቅ ሆዱን መያዝ ነበር። ቆፋሪው ሩዝ፣ ጨው፣ ብረትና ኦፒየም ከእነሱ ብቻ እንዲገዛ አስገድደው በዋጋው ላይ ያተርፉ ነበር። ኮንግሲዎቹ ሲጠነክሩ ሩዝ ራሳቸው ማብቀል፣ በባሕር ዳርም የራሳቸውን መውጫ መክፈት ጀመሩ። ለሞንትራዶዎቹ ይህ መውጫ ሲንግካዋንግ ነው። ከዚያ በኋላ የሱልጣኑ ሰው ወንዝ ሽቅብ ቀዝፎ፣ ጫካ አቋርጦ ሺዎች የታጠቁበት ሰፈር ድረስ ሄዶ ግብር ማስከፈል አልቻለም። ግብሩ ግን በስም ቀጥሏል፤ ለዚህ ነው «ሉዓላዊ» የሚለው ቃል የማይገጥመው። ላንፋንግ ከፖንቲያናክ ሱልጣን ጋር ተወዳጅቶ የኖረ ነው፤ ራሱን በራሱ ያስተዳድራል፣ የበላይ እንዳለው ግን አልካደም።

ሪፐብሊክ የሚለው ስም የአውሮፓውያን ነው። ፖንቲያናክ ያገለገለው ሆላንዳዊው የቻይና ጥናት ሊቅ ደ ግሮት ዜና መዋዕሉን በ1885 ከነትርጉሙ ሲያሳትም ኮንግሲዎቹ ዘራፊ ሚስጥራዊ ማኅበራት እንዳልሆኑ፣ ሥራቸው ከደቡብ ቻይና የመንደር አስተዳደር እንደሚመዘዝ ተከራከረ። እኔ በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ።

አጥናፍ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ የአገር ልጅነቱን ደንብ ፈጽሞ አላገኘሁትም ነበር። ማኅደር፣ የ1854ቱን ጥያቄ አልነካሽውም። ላንፋንግ የተረፈው ጠንካራ ስለነበረ ነው ወይስ ደካማ ስለነበረ?

ማኅደር፦

ከሆላንዶች ጋር ቀድሞ ስለታረቀ ነው፤ የታረቀውም አቅሙን ስለሚያውቅ ነው።

ሆላንዶች ወደ ምዕራብ ቦርኒዮ በ1818 ተመለሱ። በ1823 በሞንትራዶዎቹ ላይ ሲዘምቱ በዚያው ዓመት የላንፋንግን ወንበር የያዘው ሊዩ ታይአር ሥልጣናቸውን ተቀበለ፤ ከእነሱም ሹመት ወሰደ። ከዚያ የጃቫ ጦርነት ከ1825 እስከ 1830 ወታደሮቻቸውን ስለወሰደባቸው ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ኃይል አልነበራቸውም። በዚያ ክፍተት ሁሉም ኮንግሲ እንደ ልቡ ኖረ።

ነገሩን የቀየረው ከጎረቤት የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ብሩክ በ1841 በሰሜን ምዕራብ ቦርኒዮ ሳራዋክ ላይ ገዢ ሆነ። የእንግሊዝ እጅ ተዘርግቶ ወደ እነሱ እንዳይደርስ ሆላንዶች ፈሩ፤ ከሲንጋፖር በኮንትሮባንድ የሚገባው ኦፒየምና ጨው ደግሞ ገቢያቸውን ይበላ ነበር። ጦርነቱ በ1850 ፔማንግካት ላይ ተጀመረ፤ ሳንቲያኦጎውዎች ተሰድደው ሳራዋክ ገቡ። የሞንትራዶው ገናና ኮንግሲ ዳጋንግ በ1854 ወደቀ። ሊዩ አሸንግ በዚህ ሁሉ ከሆላንዶች ወገን ቆመ። ዋጋውም ተከፈለው፤ እሱ በሕይወት እስካለ ኮንግሲው እንዳይነካ ተፈቀደለት።

ድካሙ ግን ቀድሞ ይታያል። ከ1837 እስከ 1848 ባሉት 11 ዓመታት አራት አለቆች ተቀያይረዋል፤ በዚያው ዘመን ከላንዳክ በኩል ከዳያኮች ጋር ጦርነት ነበር። ማንዶር ለፖንቲያናክ ቅርብ ናት፤ እንደ ሞንትራዶ እምቢ ብላ የምትቆምበት ርቀት የላትም። ሊዩ አሸንግ በ1884 ሲሞት ሆላንዶች ማንዶር ገብተው ኮንግሲው መፍረሱን አወጁ። ሰዉ ዐመፀ፤ እስከ 1885 ድረስ ተዋጋ። ብዙ ጽሑፍ 1884 ላይ ነጥብ አስቀምጦ የሚያልፈው ይህን የመጨረሻ ዓመት ነው፤ አንተ ግን አትዝለለው።

ቦይ ቀዳጅ፦

በማኅደር ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ዋናው ምክንያት ነው የምለው የወርቁ ማለቅ ነው። ይህ ዘዴ ቀላሉን ደለል ፈጥኖ ይጨርሳል። አንድ ሸለቆ ታጥቦ ሲያልቅ ግድቡ፣ ቦዩ፣ መንገዱ እንደገና ሌላ ቦታ ይሠራል፤ የሚቀጥለው ሸለቆ ሁልጊዜ ይርቃል፣ ወርቁም ይሳሳል። የታጠበበት መሬት ደግሞ ነጭ አሸዋ ብቻ ስለሚቀርበት ለእርሻ አይሆንም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ሰዉ ወደ ሩዝ፣ ኮኮናትና ቁንዶ በርበሬ ዞረ። ገበሬ በጋራ ግድብ አይታሰርም፤ መሬቱን ለብቻው ይሠራል፣ ምርቱን ለነጋዴ ይሸጣል። የሚከፈል ድርሻ ሲጠፋ አባሉን ከአዳራሹ ጋር ያሰረው ገመድ ላላ። ሆላንዶች ያፈረሱት ከውስጥ የሳሳ ቤት ነው።

ሰነድ ፈታሽ፦

ስለ 1912ቱ ነገር፦ ተወው። ማኅደር ያነሳችው የደ ግሮት ሥራ በ1885 ሄግ ላይ ታትሞ ተሽጧል፤ ርእሰ ጉዳዩ የቦርኒዮ ኮንግሲ ነው። ማንም ሊገዛው የሚችል መጽሐፍ የታተመበትን ነገር 27 ዓመት ደበቁት ማለት አያስኬድም። ሆላንዶች የቤጂንግን ስሜት አያስቡም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ምስጢር ነበር የሚለው ነው የማይቆመው። እንደዚሁ ላንፋንግ ሲፈርስ የሸሹት ሄደው ሲንጋፖርን መሠረቱ የሚል አለ። ሲንጋፖር የእንግሊዝ ወደብ የሆነችው በ1819 ነው፤ ያኔ ላንፋንግ ገና ቆሞ ነበር።

የስም ነገር ጽሑፍ ያበላሻል። አንዱ ምንጭ በማንዳሪን፣ ሌላው በሀካ አነባበብ፣ ሦስተኛው በሆላንድኛ ፊደል ስለሚጽፍ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ሉዎ ፋንግቦና ሎ ፎንግ ፓክ አንድ ሰው ናቸው፤ ዳጋንግና ታይኮንግ አንድ ኮንግሲ ናቸው፤ ዶንግዋንሉ የማንዶር የቻይንኛ ስም ነው። አንዱን አነባበብ መርጠህ እስከ መጨረሻው ያዝ፤ ሌላውን መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ጥቀስ። የሉዎን አዞ ማባረር እንደ ታሪክ እንዳታስገባው። በወንዙ የበዙትን አዞዎች ጸሎት አንብቦ አባረረ ይባላል፤ ይኸው ገድል በቻይና በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ለነበረው ሹም ለሃን ዩ ከሺህ ዓመት በፊት ተነግሯል። ከሞተ በኋላ እንደ አምላክ ይለመን እንደነበር ለማሳየት ግን ጥሩ ማስረጃ ነው።

የሕዝብ ቁጥር ስትጽፍ ቁጥሩ የላንፋንግ ብቻ ነው ወይስ የመላው ምዕራብ ቦርኒዮ ቻይናውያን የሚለውን ለይ። የሚደባለቁት ብዙ ናቸው።

አጥናፍ፦

ተባረኩ። አንድ የመጨረሻ ነገር፤ ካርታ ልሠራ ነው። የላንፋንግን ወሰን በምን መስመር ላስምረው?

ሰነድ ፈታሽ፦

አታስምረው። ኮንግሲ የያዘው ሸለቆዎችን፣ መንገዶችንና ገበያዎችን ነው፤ በመካከላቸው ያለው ጫካ የዳያክ መንደሮች ነበር። ኢንተርኔት ላይ ግማሽ ቦርኒዮን ቀለም ቀብተው «ላንፋንግ» ያሉባቸው ካርታዎች በሙሉ ስሕተት ናቸው። ፖንቲያናክን ካፑዋስና ላንዳክ ወንዞች በሚገናኙበት፣ ማንዶርን ከእሷ በስተሰሜን፣ መምፓዋን በባሕሩ ዳር፣ ሲንግካዋንግን ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ሞንትራዶን ከሲንግካዋንግ በደቡብ ምሥራቅ፣ ሳምባስን ከሁሉም በላይ አድርገህ በነጥብ አስቀምጥ። ለላንፋንግና ለሄሹን ሁለት ዓይነት ነጥብ ተጠቀም። በግርጌው ዓመት ጻፍበት፤ የ1780 ካርታና የ1860 ካርታ አንድ አይሆኑም፤ በሁለተኛው ላይ የሄሹን ነጥቦች መጥፋት አለባቸው።

ቦይ ቀዳጅ፦

ወንዞቹን አትተዋቸው፤ በተለይ ትንንሾቹን ገባሮች። ቁፋሮዎቹ ዋናው ወንዝ ላይ አልነበሩም፤ ግድብ ሊያቆም የሚችል ጠባብ ሸለቆ ያለው ገባር ላይ ነው። የከፍታ መስመር ያለው መሠረታዊ ካርታ ካገኘህ ሰፈሮቹ ለምን እዚያ እንደተደረደሩ አንባቢው ራሱ ያየዋል።